ኪያር በጎጃም፦ መቼ ይዘራ? እንዴት ይያዝ?

(ባሕር ዳር ላይ የጓሮ አትክልት ለሚያለሙ ሰዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ወንበር አለ።

የዛሬው ወሬያችን ኪያር ነው። ስለ ጤፍ ወይም ስለ ዳጉሳ ቢሆን ኖሮ እናንተ ብትናገሩና እኔ ባዳምጥ ይሻል ነበር። ኪያር ግን ለጓሯችን ገና እንግዳ ነው። ብዙዎቻችን የተዋወቅነው ሰላጣ ሳህን ላይ፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ተከትፎ ነው። እንዴት እንደሚበቅል ሳናይ መብላቱን ለምደነዋል።

ዘር ገዝታችሁ የመጣችሁ አላችሁ? ፓኬቱን ገልብጡትና ጀርባውን እዩት። ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ በሜይ እንድትዘሩ የሚነግር ነገር አታጡበትም። ሰዉ ይህን ያይና፣ ሜይ ከግንቦት ጋር ስለሚገጥም፣ ግንቦት ላይ ይዘራል። ዘሩ ደህና ይበቅላል። ሐረጉም ደህና ይሄዳል። ማበብ የሚጀምረው ግን ሰኔ ገፋ ሲል፣ ዝናቡ በቃ ሳይል ነው። ከዚያ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ፍሬው ጣት ሳያክል ይረግፋል። ሰውየውም "የእኛ አፈር ለኪያር አይሆንም" ብሎ ይተወዋል።

አፈሩ ምን አደረገ? ምንም። የተሳሳተው ወሩ ነው።

ፓኬቱም ቢሆን አልዋሸም፣ ለአገሩ ሰው ነው የጻፈው። እዚያ ሜይ ላይ የመጨረሻው ውርጭ ያልፋል፣ አፈሩ መሞቅ ይጀምራል፣ ከፊቱ ረጅም ሙቀት አለ። እኛ ጋ ከግንቦት ፊት ያለው ክረምት ነው። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወርዳል። ኪያር ይህን አይችልም። ዱባ ይችላል፤ ለዚያ ነው እናቶቻችን ከዝናቡ ጋር ዘርተው መስከረም ላይ ዱባ የሚቆርጡት። ኪያር የዱባ ዘመድ ስለሆነ ሰው በዱባ ወር ሊዘራው ይፈልጋል። ዘመድ ነው፣ ጠባዩ ግን ለየቅል ነው።

ኪያር ሁለት ነገር ይፈራል። አንዱ ቀዝቃዛ ሌሊት ነው፣ ሁለተኛው ማያባራ ዝናብ። ብርዱ ወጥቶ ዝናቡ እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው የእሱ ጊዜ። ዛሬ የምነግራችሁ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ እንኳ ይህችን ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ብርዱ ላውራ መጀመሪያ። ኪያር መነሻው ህንድ ነው፣ ከሂማልያ ተራሮች ግርጌ። ሙቀት ይወዳል። አፈሩ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ዘሩ አይበቅልም፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ተኝቶ ይበሰብሳል። አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ግን ሳምንት ሳይሞላው ብቅ ይላል። ከበቀለ በኋላ ደግሞ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድበት ዕድገቱ ቀጥ ይላል። አይሞትም፣ አያድግም፤ ዝም ብሎ ቆሞ ያያችኋል። ውርጭ ካገኘው ግን ጠዋት ስትሄዱ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ወዲያ የሚድን ነገር የለም።

አሁን ጎጃም አንድ አየር የለውም። ደጀን ላይ ጋቢ የደረበ ሰው አባይ ድልድይ ሲደርስ ሸሚዙንም ማውለቅ ያምረዋል። ነገሩ ከፍታ ነው። መቶ ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ልዩነቱን አስሉት፣ ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል። አራት ዲግሪ ለሰው አንድ ሹራብ መደረብ ነው። ለኪያር የመብቀልና ያለመብቀል ጉዳይ ነው።

ስለዚህ "መቼ ልዝራ?" ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው "የት ነህ?" ብዬ ነው።

ባሕር ዳር፣ መራዊ፣ ፍኖተ ሰላም፣ በዚህ ከፍታ ያላችሁ ወይና ደጋዎች፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚበርድ ታውቁታላችሁ። ያ ብርድ መላቀቅ ሲጀምር፣ ማለትም ከአስተርእዮ ማርያም ወዲህ እስከ የካቲት ድረስ ዝሩ። ኪያር ከተዘራ ከ50 እስከ 70 ቀን ባለው ጊዜ መለቀም ይጀምራል። ጥር መጨረሻ ላይ የተዘራው መጋቢት ላይ ይደርስላችኋል። መጋቢትና ሚያዝያ የዓመቱ ሞቃት ወራት ናቸው፣ ለፍሬው ሸጋ ነው። ግንቦት መጨረሻ ዝናቡ ሲጠነክር እናንተ ለቅማችሁ ጨርሳችኋል። ደግሞ ሁዳዴ መሃል ላይ ይገኛል። ሰው ሥጋና ወተት ትቶ ሰላጣ የሚፈልግበት ጊዜ ነው። ነጋዴ ለሆነ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደብረ ማርቆስና ዳንግላ አካባቢ ያላችሁ ትንሽ ታገሡ። ከየካቲት አጋማሽ በፊት ሜዳ ላይ ባትዘሩ ይሻላል። ቸኩሎ ጥር ላይ የዘራና ታግሦ የካቲት መጨረሻ የዘራ ብዙ ጊዜ እኩል ነው የሚያደርሱት። የቸኮለው ዘር ብርዱ እስኪያልፍ መሬት ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፣ ያውም ከተረፈ።

ቆላ ያላችሁ፣ ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ መሬት ያላችሁ፣ ለእናንተ ነገሩ ይገለበጣል። ሌሊታችሁ ስለማይበርድ ውሃ እስካላችሁ ድረስ ኅዳር ላይ መዝራት ትችላላችሁ። እንዲያውም ደጋው ምንም በሌለው ጊዜ ታደርሳላችሁ። የእናንተ ጠላት የመጋቢትና የሚያዝያ ቃጠሎ ነው።

መስከረም ላይስ? የሚል አይጠፋም። ይቻላል። ዝናቡ ሲሳሳ መስከረም መባቻ ላይ የተዘራ ኅዳር ላይ ይደርሳል፣ ከታኅሣሥ ብርድ በፊት ለቅሞ መጨረስ ነው። ግን ጠባብ ነው። ዝናቡ በዚያ ዓመት እስከ ጥቅምት ከዘለቀ በበሽታ ትቸገራላችሁ፣ ብርዱ ከቀደመ በብርድ ትቸገራላችሁ። ለጀማሪ አልመክርም።

አፈራችሁ መሞቁን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ቴርሞሜትር ያለው ጥሩ፣ የሌለው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ ያስገባ። ጣታችሁ ቀዝቅዟት ወዲያው ማውጣት ካማራችሁ ዘሩም እንደዚያው ነው የሚሰማው። አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቁ።

መጠበቅ የማይሆንላችሁ ደግሞ ቤት ውስጥ አፍሉ። የጋዜጣ ወረቀት ጠቅልላችሁ ኩባያ ሥሩ፣ ወይም ሃይላንድ ቁረጡና ሥሩን ብሱት። ብስባሽና አፈር ቀላቅላችሁ ሙሉት፣ በአንድ ኩባያ ሁለት ዘር፣ ጥልቀቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር። ቀን ፀሐይ ላይ፣ ማታ ቤት ውስጥ። ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ መደቡ ይዛወራል። የጋዜጣውን ኩባያ የምወደው ከነወረቀቱ ስለሚተከል ነው። ኪያር ሥሩን ሲነኩበት አይወድም። እንደ ጎመን ችግኝ ነቅሎ መትከል እዚህ ላይ አይሠራም፤ ሥሩ ከተበጠሰ ሳምንት ሙሉ ያኮርፋል፣ አንዳንዱም በዚያው ይቀራል።

መሬቱ ላይ እንምጣ። የጎጃም ደጋማ ቀይ አፈር በብዙ ቦታ ኮምጣጣ ነው። ይህን የግብርና ባለሙያዎች በየጊዜው ስለሚናገሩ አላሰለቻችሁም። ኪያር የሚወደው የአሲድነት ልክ፣ በፒኤች ሲለካ፣ ከ6 እስከ 7 ባለው ነው። አፈራችሁ ኮምጣጣ ከሆነ ከመዝራታችሁ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ኖራ ቀላቅሉ። የምድጃ አመድም ትንሽ ያግዛል፣ ግን በአመድ ብቻ እርሻ አይታከምም፤ ለጓሮ መደብ ነው። ዋልካ መሬት ያላችሁ ደግሞ መደቡን ከፍ አድርጉት። ዋልካ ውሃ ያቁራል፣ ሲደርቅ ደግሞ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል። ኪያር ሁለቱንም አይወድም።

ፍግ ስጡት፣ በደንብ። ግን የበሰበሰ ይሁን። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። ስለ ዩሪያ አንድ ነገር ልበል፦ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ዩሪያ የበዛበት ኪያር ቅጠሉ ያምራል። ጎረቤት ቆሞ ያደንቃል። ፍሬ ግን የለም። ቅጠል ለመሸጥ ካልሆነ በስተቀር ምን ያደርጋል?

አዘራሩ ቀላል ነው። በተክልና በተክል መካከል ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር፣ በመስመርና በመስመር መካከል አንድ ሜትር ገደማ ተዉ። መሬት ላይ እንዲንፏቀቅ የምትለቁት ከሆነ ከዚያ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። እኔ ግን አትልቀቁት ነው የምላችሁ። አቁሙት። ባሕር ዛፍ ሞልቷል፣ አገው ምድር ያላችሁ ቀርከሃ አላችሁ። ሁለት ግንድ ተከሉ፣ በላይ አንድ አግዳሚ እሰሩ፣ ከዚያ ሲባጎ ቁልቁል አውርዱ። ተክሉ ራሱ በጅማቱ እየያዘ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ብቻ አቅጣጫ ታሳዩታላችሁ። የቆመ ኪያር ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃል፣ በሽታ ይቀንስለታል፣ ፍሬው ቀጥ ይላል፣ እናንተም ለመልቀም አትጎነበሱም። በትንሽ ጓሮ ደግሞ ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙ ታገኛላችሁ።

ውሃው ላይ ጠንከር ልበል። የኪያር ፍሬ ከመቶ 95 እጁ ውሃ ነው። ሥሩ ግን ጥልቅ አይደለም፣ አብዛኛው በላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ብዙ ውሃ አንዴ ከምትለቁበት ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ይሻለዋል። እዚህ ላይ በመስኖ የምታለሙ ሰዎች ችግር አለባችሁ። ቆጋን ውሰዱ፣ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ መስኖ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ውሃ በተራ ነው። ለሽንኩርትና ለስንዴ ተራው ይበቃል። ኪያር ግን አበባና ፍሬ ላይ ሆኖ ሳምንት ሙሉ ውሃ ሲያጣ ይቀየማል። የውሃ አባቱን ለምናችሁ ተራ አታገኙም፣ ሌላውም ገበሬ ማሳ አለው። መፍትሔው ተራችሁ ሲደርስ በርሜል ወይም በላስቲክ የተለበጠ ጉድጓድ ሞልታችሁ፣ በመሃል በጀሪካን ማጠጣት ነው። ለዚህ ነው ኪያርን በትንሽ ቦታ ጀምሩ የምለው።

ለጓሮ ሰው ደግሞ ሃይላንዱ አለላችሁ። ክዳኑን በመርፌ ብሱ፣ ቂጡን ቁረጡ፣ ገልብጣችሁ ከሥሩ አጠገብ ቅበሩት፣ ጠዋት ሙሉት። ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። ላዩ ላይ ጭድ አልብሱ። ውሃ ስታጠጡ ቅጠሉን አታርሱ፣ ሥሩን አጠጡ። ማታ ቅጠሉ ረጥቦ ካደረ በሽታን ጋብዛችሁ አሳድራችሁታል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፣ ወደ አበባው።

ኪያር መጀመሪያ የሚያወጣቸው አበቦች ብዙ ጊዜ ወንዶች ናቸው። ቀጭን አገዳ ላይ ብቻቸውን ይወጣሉ፣ ያብባሉ፣ ይረግፋሉ። ሰው ይህን አይቶ ይደነግጣል። "አበባው ረገፈ፣ ፍሬ አልያዘም" ይላል። ወንድ አበባ ፍሬ አይዝም። ትንሽ ቆይታ ሴቷ ትመጣለች። እሷን ለማወቅ ጎንበስ ብላችሁ ከአበባዋ ጀርባ እዩ። ገና ሳታብብ፣ ከሥሯ የትንሽ ጣት ጫፍ የምታክል፣ ፀጉራም፣ እሾህ እሾህ ያላት ኪያር አለች። ያቺ ሴት ናት። አበባዋ የሚከፈተው አንድ ቀን ነው፣ ጠዋት። በዚያ ቀን ንብ መጥታ የወንዱን ብናኝ ካላደረሰችላት ያቺ ትንሽ ኪያር ጫፏ ይቢጫና ትወድቃለች። ንቧ መጥታ ግን በቂ ብናኝ ካላራገፈች ፍሬው ይጠማዘዛል፣ አንዱ ጫፍ ወፍራም አንዱ ቀጭን ይሆናል። ገበያ ላይ ያን የመሰለ ኪያር ስታዩ "ዘሩ መጥፎ ነው" አትበሉ። ንብ ነው የጎደለው።

ጎጃም ደግሞ የማር አገር ነው። ቀፎ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ከማዳበሪያ በላይ ይጠቅማችኋል። በተረፈ መድኃኒት ስትረጩ ጠዋት አትርጩ። አበባው በተከፈተበት፣ ንቧ ሥራ ላይ በሆነችበት ሰዓት የፀረ ተባይ ርጭት ለእሷም ለእናንተም ጥፋት ነው። የግድ ከሆነ አመሻሽ ላይ፣ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ይሁን።

ንብ ከሌለ በእጃችሁ ሥሩ። ጠዋት የተከፈተ ወንድ አበባ ቁረጡ፣ ቅጠሎቹን ላጡ፣ መሃል ያለችውን ቢጫ ብናኝ የያዘችውን ክፍል ሴቷ አበባ መሃል ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሹ። በቃ። ለልጆች ብትሰጧቸው ደስ እያላቸው ነው የሚሠሩት። ያለ ንብ ፍሬ የሚይዝ ዝርያም አለ፤ ላስቲክ ቤት ውስጥ የሚያለሙት እሱን ነው። ዘር ስትገዙ ጠይቁ፣ ሁለቱ አይምታቱባችሁ።

እዚህ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። "ኧረግ ልጄ፣ የኔው እንደ ኮሶ መረረ። ከዱባ ጎን ተክዬው ነው መሰለኝ፣ ዱባው ነው ያበላሸብኝ?"

አይደለም እማማ። ዱባው ንጹሕ ነው። ዱባና ኪያር ዘመድ ቢሆኑም አይዳቀሉም። ምሬቱ የራሱ የኪያሩ ነው። የምድር እምቧይን ታውቁታላችሁ፣ ለመድኃኒት የሚቆፈረውን። እሱ ከኪያር ጋር የአንድ ወገን ተክል ነው፣ ምሬቱንም ታውቁታላችሁ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ኩኩርቢታሲን የሚባል መራራ ነገር አለ። ተክሉ ራሱን ከሚበላው ነገር የሚጠብቅበት ነው። ሰው ለብዙ ዘመን ጣፋጩን እየመረጠ ሲዘራ ምሬቱ ከፍሬው ላይ ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። ተክሉ ሲጨነቅ፣ ውሃ ሲያጣ፣ ቃጠሎ ሲበዛበት ወይም ሲበርደው ወደ ፍሬው ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የሚከማቸው በአገዳው በኩል ባለው ጫፍና ከልጣጩ ሥር ነው። ያንን ጫፍ ቆርጣችሁ ወፈር አድርጋችሁ ላጡት፣ ቅመሱት። አሁንም በጣም ከመረረ ግን ይጣል፤ በግድ አይበላም፣ ሆድ ይረብሻል። እንግዲህ እማማ፣ ጥያቄዬ ስለ ዱባው አይደለም፣ "ውሃ በየስንት ቀኑ ነበር?" ነው።

(እማማ ሳቁ። "እሱማ ሲመቸኝ ነው" አሉ።)

በሽታውን ልንገራችሁ። ሁለቱን ለዩልኝ። በደረቁ ወራት ቅጠሉ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነገር ታያላችሁ። በጣት ሲነካ ይለቃል። ይህ ቀስ ብሎ ነው የሚገድል፣ ቀድማችሁ ያያችሁትን ቅጠል ቆርጣችሁ አርቁ፣ አየር እንዲገባ አድርጉ። ሁለተኛው ዝናብና ጤዛ የሚወድ ነው፣ ይህኛው ነው የሚያስፈራኝ። ከላይ ሲታይ ቢጫ ነጠብጣብ ነው፣ ግን ክብ አይደለም። የቅጠሉ ደም ሥር እያገደው ማዕዘን ማዕዘን ይይዛል። ጠዋት ጤዛ ሳይነሳ ቅጠሉን ገልብጡት፣ ከሥሩ ግራጫ ወደ ሐምራዊ የሚሄድ ሻጋታ ታያላችሁ። ይህ ከገባ ማሳን በጥቂት ቀን ይጨርሳል። የግንቦትን ዘር የሚበላውም በአብዛኛው እሱ ነው። ሰው ከክረምት ጋር ግብ ግብ ገጥሞ ማንኮዜብ የሚባለውን የሻጋታ መድኃኒት እየረጨ ይከርማል። ዝናቡ ደግሞ ያጥበዋል። ወሩን ማስተካከል ከዚያ ሁሉ ርጭት ይቀላል፣ ርካሽም ነው።

ሌላም ነገር አለ። እያንዳንዱ መድኃኒት ተረጭቶ ሳይለቀም የሚቆይበት ቀን አለው፣ ዕቃው ላይ ተጽፏል። ኪያር ደግሞ በየሁለት ቀኑ ነው የሚለቀም። ታዲያ ዛሬ ረጭታችሁ ነገ ወዲያ ለቅማችሁ ለማን ልትሸጡት ነው? ኪያር ሳይበስል፣ ብዙ ጊዜም ሳይላጥ የሚበላ ነገር ነው። ይህን አስቡበት።

ከነፍሳቱ ክሽክሽን ተጠንቀቁ። ለጋው ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ይመጣል፣ ራሱ ከሚመጠው ይልቅ የሚያመጣው ቫይረስ ይብሳል። ቅጠሉ ተጨማዶ ቢጫና አረንጓዴ የተዥጎረጎረ ተክል ካያችሁ አታስታሙት፣ ንቀሉት። መድኃኒት የለውም። ገና ለጋ ችግኝ ጠዋት ከአንገቱ ተቆርጦ ወድቆ ካገኛችሁ ደግሞ ቆራጭ ትል ነው፤ ዙሪያውን ጫር ጫር አድርጉ፣ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ስለ ፍልፈልና ጃርት አላወራም፣ በዚያ ላይ እናንተ ከኔ ትበልጣላችሁ።

ኪያር በነበረበት መደብ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ኪያር፣ ዱባ፣ ዝኩኒ ወይም ሐብሐብ አትድገሙ። ሁለት ሦስት ዓመት ሌላ ነገር ይዘራበት። ባቄላ ዝሩበት፣ ሽንኩርት ዝሩበት።

ለቀማው ላይ ሰው ይሰስታል። "ትንሽ ይጨምር" እያለ ይተወዋል። አትተዉት። ኪያር የሚበላው ሳይጎመራ ነው። እንደ ዝርያው 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ቆዳው አረንጓዴና ጠንካራ ሳለ ይለቀማል። አንድ ፍሬ ቢጫ እስኪሆን ከተዋችሁት ተክሉ ዘር የያዘለት ስለሚመስለው አዲስ ፍሬ ማውጣቱን ይቀንሳል። ቶሎ ቶሎ ስትለቅሙት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ያወጣል። በቢላ ቁረጡ፣ አትጎትቱ፤ ሐረጉ ይበጠሳል። ጠዋት ልቀሙ። በጆንያ አትጫኑ፣ በሳጥን ወይም በቅርጫት ይሁን። ፍሪጅ ያላችሁም በጣም ቀዝቃዛው ቦታ ላይ አታስቀምጡት። ተቆርጦም ቢሆን ብርድ አይወድም፣ ከ10 ዲግሪ በታች ሲቆይ ውሃ ውሃ እያለ ይላሽቃል።

ለመሸጥ የምታስቡ፣ ከመዝራታችሁ በፊት ገዢ ፈልጉ። ድንች ባይሸጥ ቤት ይቀመጣል፣ በቆሎም ይከዘናል። ኪያር ከሳምንት በላይ አይቆይላችሁም። የሆቴል ገዢ አነጋግሩ፣ ጉልት ላይ አትክልት የሚሸጡትን አነጋግሩ፣ በሳምንት ስንት ኪሎ እንደሚወስዱ ጠይቁ፣ የዚያን ያህል ዝሩ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትዝሩ። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ። ያኔ ገበያውም አይጨናነቅባችሁም።

ሁለት ጥያቄ ብቻ ልውሰድ፣ መሽቷል።

"እኔ እንጅባራ ነኝ፣ ለእኛስ?" አለ አንድ ወጣት።

ወንድሜ፣ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ሜዳ ላይ ኪያር ዝራ ብዬ አላስለፋህም። ቀርከሃ አለህ፣ እሱን አጉብጠህ ላስቲክ አልብሰህ ዝቅ ያለች ቤት ሥራ፣ መጋቢት ላይ እዚያ ውስጥ ሞክር። ቀን ቀን ክፈተው፣ ንብም ይግባ፣ ወበቁም ይውጣ፤ ማታ ዝጋው። ለቤት ፍጆታ ይሆንሃል። ለገበያ ከሆነ ግን ድንችህ ያዋጣሃል።

"ዘሩን ራሳችን ማስቀረት እንችላለን?" ያሉት ጋሼ የመጨረሻው ናቸው።

እንደ ዘሩ ነው ጋሼ። ፓኬቱ ላይ ድቅል ወይም ኤፍ 1 የሚል ካለ አይልፉ፣ ልጁ እናቱን አይመስልም። ድቅል ካልሆነ ይቻላል። ማርኬትሞር 76 የሚባለውን አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነው ያወጣው፣ ድቅል አይደለም፣ ዘሩ ይያዛል። ጤነኛ ከሆነው ተክል አንድ ሁለት ፍሬ ይተዉ። ቅድም አትተዉ ያልኩት ለሚበላው ነው፣ ይህ ለዘር ነውና ቢጫ ሆኖ እስኪወፍር ይቆይ። ሰንጥቀው ዘሩን ከነ ዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ ይጨምሩት፣ ትንሽ ውሃ ያድርጉበት፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቡካ። ዝልግልጉ ሲለቅ ያጥቡት። የሚንሳፈፈው ባዶ ነው፣ ይድፉት፤ የሰመጠው ነው ዘር። ጥላ ላይ፣ ሳህን ላይ ዘርግተው ያድርቁት፣ ፀሐይ ላይ አይደለም። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። በወረቀት ጠቅልለው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት፣ በደንብ ከተያዘ አራት አምስት ዓመት ይቆያል።